በዝርዝሩ ላይ የጠፉት ሦስት ሰዎች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ 2009

ሶስናን በስልክ አንቀጿን አልሽርም አልኳት። የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ እሷ ናት። እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ እሷ በሥልጣን ትበልጠኛለች። ይህን ሁለታችንም ስለምናውቅ ብዙ አንጋጭም። ዛሬ ግን ተጋጨን።

ባለፈው ወር እትም ላይ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ ስትገዛ ወደቧን ያዘወትሩ ስለነበሩ የውጭ የንግድ መርከቦች ጽፌ ነበር። የግሪክ ባንዲራ፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ። ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ ሲገባ፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው ሲወጣ። ትልልቆቹ መርከቦች ከዳር ርቀው ይቆማሉ፣ ዕቃው በዝርግ ጀልባ ይመላለሳል። አንባቢ ወደደው። ያስቆጣችው አንዲት አንቀጽ ናት። አንድ ቀን የአንድ መርከብ ዕቃ ማንሻ ገመድ ተበጥሶ የሲሚንቶ ጭነት አንዱ ጀልባ ላይ ወደቀ፤ ሦስት የወሎ ልጆች ሰጠሙ። ሰይድ ይማም፣ ሁሴን እንድሪስ፣ አብዱ ወርቁ። የመርከቡ ወኪል ቢሮ «እነዚህን ሰዎች አልቀጠርንም» አለ። የነገሩኝ ያኔ በወደቡ ጭነት ቆጣሪ የነበሩት ጋሽ ከማል ናቸው። አሁን እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

የተቆጣው ኢንጂነር ብርሃኑ የዚያ ቢሮ ጸሐፊ ልጅ ነው። አባቱ በእጃቸው የጻፉትን የአደጋውን ወር የቀን ሠራተኞች ዝርዝር ኮፒ አድርጎ ለሶስና አምጥቶላታል። ሦስቱ የሉበትም ይላል። ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስለ ጽሑፉ ስለምናገር፣ እዚያው ቆሜ አንቀጿ ስህተት ነበረች እንድል ይፈልጋል።

ማታ ሶስና የላከችልኝን ኮፒ ሦስት ጊዜ አየሁት። የሉም።

ረቡዕ

ብርሃኑ ራሱ ደወለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እርስዎ ያልተወለዱ ሰዎችን ነው የገደሉት» አለኝ። «ከዚያ ደግሞ አባቴን ቀባሪ አደረጓቸው።»

«ምስክር አለኝ» አልኩት።

«ምስክርዎ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ቁርስ ምን እንደበሉ ያስታውሳሉ?»

«ስለ ቁርስ አልጠየቅኳቸውም። የጀልባውን ቁጥር ግን ነግረውኛል።»

«ሰነዱ እጅዎ ላይ ነው። ቅዳሜ እንገናኝ።»

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተሟገትኩትን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም። ምን ማድረግ እችላለሁ? አንቀጿን መሻር። «አንድ ምንጭ እንደሚለው» ብሎ ማለዘብ። ታምሜአለሁ ብሎ መቅረት። ሦስቱንም አሰብኳቸው፤ ሦስተኛውን ከሁለቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ። ብሽራት ከማግስቱ ጀምሮ በየሱቁ ደጃፍ ጋሽ ከማል ውሸታም ይባላሉ። እሳቸው ባዩት ላይ የሚጨምሩ ሰው አይደሉም። የማያውቁትን ስጠይቃቸው «እሱን አላየሁም» ይሉኛል። በጋዜጣ ሥራ ብዙ ምስክር አይቻለሁ። እንዲህ የሚል ጥቂት ነው።

አልሽራትም። በምን እንደምከላከልላት ግን አላውቅም።

ለጋሽ ከማል እስካሁን አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው።

ሐሙስ

ጋሽ ከማል የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ልጃቸው ሥራ ስለገባች ግማሽ ቀን አስፈቅጄ እኔ ወሰድኳቸው። በመንገድ ላይ ስለ ዝርዝሩ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ተራ ጠሪዋ ብቅ ብላ «ሚስተር አደም» አለች። ጋሽ ከማል አልተነሱም። ደገመች።

«እርስዎን ነው እኮ» አልኳቸው።

«እኔን ከሆነ ከማል አትልም?» አሉ፣ ከዘራቸውን እየፈለጉ። «አባቴ አደም ከሞቱ ስልሳ ዓመት አለፈ። እዚህ አገር ግን በየሦስት ወሩ ደም ግፊታቸውን ካልለካን ይላሉ።»

ሳቅኩ። ነርሷ ክንዳቸውን ስታስር ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ። «ወደቡም እንዲሁ ነበር። ፈረንሳዩ አለቃ ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚጠራው አባቶቻችንን ነው። አዲስ የመጣ ልጅ አቤት ሳይል ተራው ያልፈውና ሥራ ሳያገኝ ይመለሳል።»

ሳቄ እዚያው ቆመ።

ኮፒው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወጥቼ መጠበቂያው ወንበር ላይ ዘረጋሁት። ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ተራ የተጻፈ ነው። ሰይድን በኤስ፣ ሁሴንን በኤች፣ አብዱን በኤ ስር ነበር የፈለግኳቸው። ብርሃኑም እንደዚያው ሳያደርግ አልቀረም። አሁን በአባቶቻቸው ስም ፈለግኩ። እንድሪስ፣ ከአጠገቡ ኤች። ወርቁ፣ ከአጠገቡ ኤ። ይማም፣ ከአጠገቡ ኤስ። የራሳቸው ስም አንዳንድ ፊደል ብቻ ነው የተተወለት።

እኔ ራሴ እዚህ አገር ለአሥራ ስምንት ዓመት ፋርማሲ በአባቴ ስም ስጠራ አቤት ስል ኖሬአለሁ። ወረቀቱ ላይ ሲሆን ግን አገር ቤት እንደለመድኩት ፈለግኩ።

ሲወጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። መኪናው ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ በውሸት ጠርጥረኸኝ ነበር ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው።

ዓርብ

ከሥራ በፊት ተነስቼ ገጾቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሦስቱ የተመዘገቡት በአንድ ቡድን፣ በአንድ ጀልባ ላይ ነው። የጀልባው ቁጥር ጋሽ ከማል የነገሩኝ ነው። ከአደጋው ማግስት ጀምሮ የቡድኑ ሌሎች ሰዎች የሥራ ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆጠራል። የእነዚህ ሦስቱ አይቆጠርም።

ዝርዝሩ ሞቱ አይልም። ነበሩ ይላል። ማግስቱን አልነበሩም ይላል። ቅዳሜ ከዚህ አንድ ቃል አላልፍም፣ አንድ ቃልም አልቀንስም።

ሰው ፊት ማስደንገጥ የኔ ሥራ ስላልሆነ ለብርሃኑ አስቀድሜ ደወልኩ። አላነሳም። መልእክት አስቀመጥኩ። ከሰዓት ደግሜ ደወልኩ፣ ደግሜ አስቀመጥኩ። ለሶስና ስነግራት «እንግዲህ የሚሆነው ይሁን» አለች። ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

ቅዳሜ

ወንበሮቹ ከግማሽ በላይ ሞልተው ነበር። ብርሃኑ ከፊት፣ በሙሉ ልብስ። መልእክቴን መስማቱን ፊቱ አይናገርም።

መጀመሪያ አንቀጿን እንደታተመች አነበብኩ። ከዚያ ስህተት ተሠርቷል አልኩ። ብርሃኑ እግሩን አነባበረ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አይቼ ሰዎቹን አላገኘኋቸውም ነበር፣ የፈለግኳቸው በራሳቸው ስም ነው፣ የተመዘገቡት ግን እንደ ፈረንሳዩ ልማድ በአባታቸው ነው አልኩ። ከዚያ ብርሃኑን የራሱን ኮፒ እንዲያይ ለመንኩት፤ የገጹንና የመስመሩን ቁጥር ነገርኩት።

መነጽሩን አደረገ። አንዱን ገጽ አገላበጠ፣ ሌላውን። አዳራሹ ጠበቀው።

«የአባቴ እጅ ጽሕፈት ነው» አለ በመጨረሻ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ብርሃኑ «ያልተወለዱ» ማለቱን ሰምቶ ነበር መሰለኝ፣ «እንግዲያው ተወልደዋል» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«አባትዎ አልደበቋቸውም» አልኩት። «ጽፈዋቸዋል። አልቀጠርናቸውም ያለው የቢሮው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጻፍኩምም።»

«ስህተት ነበር ብለው እንዲናገሩ ነው የመጣሁት።»

«ተናገርኩ። አንቀጿ ግን አትሻርም።»

ጥያቄና መልስ ሳይጀመር ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

እሁድ

ሶስና ደወለች። ሰዎች «ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ፣ በሚቀጥለው እትም አታንሱት» ብለዋታል። የዝርዝሩን ገጽ ከአንቀጿ ጋር ማተም አለብን አልኳት። አንቀጿ ከተሻረች የኔም ስም ከጽሑፉ ይውጣ። እስከ ረቡዕ አስባለሁ አለች። ታስብ።

ከዚያ ጋሽ ከማል ደወሉ። አዳራሹ ይቀዘቅዛል ብላ ልጃቸው ትናንት አላመጣቻቸውም ነበር።

«ሦስቱንም ጠራሃቸው?»

«ሦስቱንም፣ ከነአባታቸው።»

«የጸሐፊው ልጅ ምን አለ?»

«የአባቴ እጅ ጽሕፈት ነው አለ። ከዚያ ወጣ።»

«አባቱን አውቃቸው ነበር። ከፈረንሳዩ ጎን ቆመው ሲጽፉ ቀና አይሉም ነበር። የልጁን ስልክ ቁጥር ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ ይቆጣ ይሆናል።»

«ይቆጣ። እኔም እኮ ውሸታም ተብያለሁ።»

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ምን ሊሉት እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም። አሁን ስደውልላቸው መስመሩ ተይዟል።