ባዶው የፍልጥ ሳጥን

ውድ ወንድሜ ሬይኖ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ጨርሰህ ልትሰድበኝ ከፈለግክ ስልኬ ክፍት ነው። በወረቀት የመጣሁት እንዳታቋርጠኝ ብዬ ነው፤ አንተ ፊት አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ።

ነገሩ የዛሬ ስምንት ዓመት በሰኔ፣ የኢናሪን ሀይቅ በየራሳችን የካያክ ጀልባ እየቀዘፍን በስድስት ቀን ልናቋርጥ የወጣን ጊዜ የሆነ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያደርንባት ደሴት ላይ የዓሣ ሾርባ እየበላን፣ ወደ ደቡብ የሚወርዱ መንገደኞች እየሰሙ፣ "ኦይቫ እንዲህ እየተንቀረፈፈ ስለሚቀዝፍ እኮ ነው አውኔ ጥላው የሄደችው" አልክ። ሰዎቹ ሳቁ። ሚስቴ ከሄደች ገና አራት ወሯ ነበር። አንተ ቀልደህ ረሳኸው፤ እኔ ግን ድንኳኔን ነቅዬ፣ "ሰሜኑ ጫፍ ላይ እንገናኝ" ብዬ ብቻዬን ቀዘፍኩ። "አንተ አኩራፊ፣ ሾርባህን እንኳ ጨርስ እንጂ" ስትለኝ ዘወር አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መታኝና ዳርቻው ላይ ያለችው የመንገደኛ ጎጆ ገባሁ። የፍልጡ ሳጥን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ጭራሮው ሳይቀር ከምድጃው አጠገብ ተደርድሯል። ያደረ ሁሉ የሚፈርምበት መዝገብ ላይ የመጨረሻው ስም የጎረቤታችን የኤሜሊ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት አድሮ ሄዷል። ሳጥኑ ሊያልቅ እስኪቃረብ እያነደድኩ ልብሴን አደረቅሁ፣ ሞቆኝ ተኛሁ። ሲነጋ ዝናቡ አላባራም። ያቃጠሉትን ሳይተኩ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ከልጅነታችን እናውቃለን፤ አባታችን እንዲህ ያደረገን ሰው ሰላም አይልም ነበር። ከእኔ በኋላ የምትመጣው አንተ እንደሆንክም አውቅ ነበር። የተረፈውን ፍልጥ ሁሉ ምድጃው ውስጥ ከተትኩና "እስቲ ፈጣኑ ቀዛፊ ራሱ ይፍለጥ" አልኩ። መዝገቡም ላይ ሳልፈርም ሄድኩ።

የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዝናቡ እስኪያባራ ደሴቷ ላይ ቆይተህ በማግስቱ ስትነሳ ንፋሱ ገለበጠህ። ጀልባህን ታቅፈህ፣ እየተንቀጠቀጥክ ጎጆዋ ደረስክ። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ሳጥኑ ባዶ። በደነዘዘ እጅህ እርጥብ ግንድ ስትፈልጥ መጥረቢያው ሁለት ጣትህን ወሰደብህ። በሞተር ጀልባ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች ባይደርሱልህ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አይኖርም ነበር።

ሆስፒታል ስመጣ በየት በኩል እንዳለፍኩ ጠየቅከኝ። "በደሴቶቹ ማዶ" አልኩህ። "መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው የኤሜሊ ስም ነው" አልክ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ነርሷ ገባች። ስትወጣ መልሼ ዘግቼው ነበር። በነርሷ ላላክክ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ነርስ አልገባችም።

በሰኔ በሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ አኮርዲዮን የምትጫወተው አንተ፣ ቀድሞ ለጭፈራ የሚነሳው ኤሜሊ ነበር። ጣትህን ካጣህ ወዲህ አኮርዲዮንህን ቆልፈህ አስቀመጥከው። እሱን ደግሞ ሱቅ ውስጥ በሰው ፊት "ፍልጥ በሊታ" አልከው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። "ሞልቼ ነው የወጣሁት" አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም አላመነውም። እኔ ዳቦ ይዤ ከኋላህ ቆሜ ነበር፤ ያን ቀን ራሴን ጠላሁ፣ ግን ዝም አልኩ።

አሁን ኤሜሊ ታሟል። ሐኪሞቹ የዘንድሮን በረዶ አያይም ብለዋል። ባለፈው ማክሰኞ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ከእኔ በኋላ በዚያ ያለፋችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ሬይኖ አላቃጠለውም። ታዲያ ማን ይሆን ብዬ ስምንት ዓመት የማስብ ጅል መሰልኩህ?"

"ለምን አልተናገርክም ታዲያ?"

ትራሱ ላይ ቀና አለ፤ መተንፈስ ይከብደዋል።

"ሬይኖ ሁለት ጣት አጥቷል" አለ። "ወንድም ደግሞ ላሳጣው?"

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ሬይኖ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና አልደረስኩበትም። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሰው ሲሞላ፣ ያደረግኩትን በራሴ አፍ እናገራለሁ። አንተ ግን ቅዳሜን አትጠብቅ። ይህን ወረቀት አስቀምጥና ዛሬውኑ ኤሜሊ ዘንድ ሂድ። እኔን ለመጥላት ዕድሜ ልክህ አለህ፤ እሱ ግን ጊዜ የለውም።

ወንድምህ ነኝ ማለት ከተፈቀደልኝ፣
ኦይቫ