ከእስክንድርያ የላክኸው ፎቶ

ለልጄ ለፍቅረማርያም፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እዚህ የካ ሚካኤል ብርዱ በረታብን እንጂ ደህና ነን።

ከእስክንድርያ የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ባሕሩ ዳር ያለውን የድሮውን የቃይትባይን ምሽግ ግማሹን ቆርጠህ ጥለኸዋል፤ አድማሱም ዘምሟል። ስለ ከተማዋ ስመ ጥር ቤተ መጻሕፍት ብጠይቅህ ባሕር የሚያሻግር አንድ ጀልባ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጻፍክልኝ። አገር ለማየት የሄደ ሰው ይህን ምን ብሎ ይጠይቃል?

እናትህ ፎቶውን አይታ «ይሄ ልጅ ባሕሩን ለምን እንዲህ ተጠጋው?» አለችኝ።

«የወደብ ከተማ ነው፤ የት ይቁምልሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

በማግሥቱ ለሚካኤል ጥላ ተሳለች። ለምን እንደተሳለች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሮማውያን የሠሩትን ቴአትር ገና አላየኸውም። መሀል ከተማ ነው። ነገ ሂድና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ለከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ የሚታይ ቦታ እፈልግልሃለሁ።

ሰላም ዋልልኝ።

አባትህ አካሉ