ሜዳልያው እንዴት ወደ እኔ እንደመጣ

ሆርሻም፣ ቪክቶሪያ
ማርች 13 ቀን 1968

ውድ ልጄ ኔቪል፣

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰን። እናትህ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ግራ ጆሮዬን መድፍ ከወሰደው ወዲህ የሚወደኝ ሁሉ ይጮህብኛል። ደህና ነን። ድርቁ አልለቀቀም። ገበሬው በጎቹን እየሸጠ ነው። እኔ ጋ የቀረው ድርቆሽ ሦስት ሳምንት አያደርስም፤ ለነባር ደንበኞች ብቻ ነው የምሸጠው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የውትድርና አገልግሎትህ ጁን ላይ ሲያበቃ ቬትናም ስድስት ወር ለመጨመር ልትፈርም እንደምታስብ ጽፈሃል። «አባዬ፣ ባዶ ደረቴን ይዤ አንተ ፊት መቆም አልፈልግም» ብለሃል። እናትህ እዚያ ላይ ስትደርስ ድምጿን ቀነሰች፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሜዳልያው እንዴት ወደ እኔ እንደመጣ ልንገርህ። ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ ነው የምጽፈው። ግንባር ላይ ማስታወሻ መያዝ ክልክል ነበር፤ እኔ ይዤ ነበር።

ቶብሩክ፣ ጁላይ 1941። የጠላት አውሮፕላኖች ደበደቡንና የመድፋችን መሸፈኛ መረብ ተያያዘ። ሥሩ ጥይትና ባሩድ ተከምሯል። ሌሎቹ ስለቆሰሉ በእግራችን የቆምነው እኔና አጎትህ ክሌም ብቻ ነበርን። እሱ የሚነደውን መረብ በእጁ ጎትቶ አወጣ፤ እኔ አሸዋ ደፋሁበት። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ለሁለት ተኮስን።

በሳምንቱ ሻምበሉ አስጠራን። የመጣው ሜዳልያ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሁለታችንንም እኩል እንደሚያየን ነገረንና የማንን ስም እንደሚጽፍ ራሳችን ወስነን እንድናሳውቀው አዘዘ። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ፔኒ አወጣሁ።

የፔኒ አንዱ ፊት ንጉሥ፣ ሌላው ካንጋሮ ነው፤ ክሌም ሳንቲም ሲወረወር ከካንጋሮ ሌላ ጠርቶ አያውቅም።

«ንጉሡ የራሱ ሜዳልያ ሞልቶታል፤ እኔ ከካንጋሮዋ ጋር ነኝ» አለ። ያኔም የአባቴን ድርቆሽ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደግሞ «ወርውር እንጂ ሄክ፣ ድርቆሽ እየመዘንክ ነው እንዴ?» አለኝ።

ወረወርኩ። ንጉሡ ወጣ።

ፔኒው ከአንድ መርከበኛ የገዛሁት ነበር፤ ሁለቱም ፊቱ ንጉሥ ነው። ሻይ ማን ያምጣ በሚለው ላይ ለወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ ክሌም አንድም ቀን አልነቃብኝም። ለምን እንዳደረግሁት አልደብቅህም። ከጦርነቱ በኋላ ሱቅ ልከፍት አስቤ ነበር፤ ሜዳልያ ያለው ነጋዴ ደንበኛ አያጣም ብዬ አሰላሁ። ስሌቱም ትክክል ሆነ።

ክሌም አልተናደደም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ግዴለም፣ ቀጣዩ የኔ ነው» አለ። ሴፕቴምበር ላይ አውሮፕላኖቹ ተመልሰው ሲመጡ ምሽግ እንድንገባ ታዘዝን። ሁላችንም ገባን፤ እሱ መድፉ ጋ ቀረ። ተጣራሁ። «ቆይ፣ አንድ ልልቀቅባቸው» አለኝ። ደብተሬ ላይ ለዚያ ቀን የተጻፈው «ክሌም ሞተ። ነፋሱ ከደቡብ» የሚል ብቻ ነው።

በየዓመቱ ኤፕሪል 25፣ በዘማቾች መታሰቢያ ቀን ጠዋት፣ ሜዳልያውን ወልውላ ደረቴ ላይ የምትሰካልኝ እናትህ ናት። «ወንድሜ ቢኖር ይኮራብህ ነበር» ትለኛለች። እኔም ኮቴን አስተካክዬ ከሰልፈኛው ጋር እሄዳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

እንግዲህ ስድስት ወር ልትከፍልበት ያሰብከው ዕቃ ይህ ነው። ዕቃ አይቶ መግዛት ከልጅነትህ ጀምሮ አስተምሬሃለሁ። አትፈርም። ፈርመህ ከሆነም ቀኑን ጻፍልኝ። አልቆጣህም፤ የመቆጣት መብት ያለኝ አይመስለኝም።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለእናትህ እነግራታለሁ። ደብዳቤውን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ ከነገርኳት በኋላ የምጽፍበት ጠረጴዛ ስለማግኘቴ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከጥይት ክምሩ ራቅ ብለህ ተኛ። ምሽግ ግቡ ሲባል ግባ፤ ማንም ምንም ቢልህ ግባ። እግዚአብሔር በጤና ያግባህ፣ ልጄ።

አባትህ
ሄክተር ፓስኮ