ስልኩ «አላውቅም» ያለ ቀን

ኅዳር 24
ዛሬም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስልኮች ጮኹ። እኔ ተኝቼ ነበር። ሥራ ማለት እንዲህ ነው... ጽፈሽው ትተኛለሽ፣ እሱ ይሠራል።

ኮዴ ጎህ ሲቀድ የአየር ትንበያውን ድረ-ገጽ ይከፍታል። ዝናብ የሚጠበቅባቸውን ቦታዎች ያነባል። ጎሮ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ለጎሮ ገበሬዎች «ዝናብ አለ»፤ ከሌለ «ዝናብ የለም»። አለቀ። ሥራ አስኪያጃችን ማስተዋል ከጎባ ስትመጣ «አንቺ እኮ ሰማዩን ደመወዝተኛ አደረግሽው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለምን እደብቃለሁ? ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 29
ከሮቤ እስከ ጎሮ ኮምባይነር ብቻ። ኦቦ ቱፋ ደወሉ፣ የአባቴ ጓደኛ። በጎሮ በኩል መጀመሪያ ስልካቸውን ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው። መንደሩ እሳቸውን አይቶ ነው የገባው።

«ጁሀራ፣ ነጋያ?»
«ነጋያ!»
«ቤቱ ነጋያ? ሥራው ነጋያ?»
«ሁሉም ነጋያ፣ ሁሉም ሰላም።»

ሰባት ዓመት እየመረጡ ያቆዩትን የዘር ስንዴ ሸራ ላይ ሊያሰጡት ነው። «ስልኬ ዝናብ አለ ካላለኝ አልሸፍነውም» ብለው ሳቁ። ይሄን መስማት እንዴት ደስ ይላል!

ታኅሣሥ 2
ጎሮ ዘነበ። መልእክታችን «ዝናብ የለም» ብሎ ነበር።

ታኅሣሥ 3
ትንበያው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ኮዱ ያደረገውን የሚመዘግብበትን ሎግ በኩራት ከፈትኩ... ኩራቴ እዚያው ቀረ።

ትናንት ጎህ ሲቀድ የትንበያው ሰርቨር መልስ አልሰጠም። ሠላሳ ሰከንድ ተጠበቀ፣ ተቋረጠ። የኔ ኮድስ ምን አደረገ? ስህተቱን ያዘና ዋጠው። ባዶ ዝርዝር መለሰ። ባዶ ዝርዝር ውስጥ ጎሮ የለም። ጎሮ ከሌለ... «ዝናብ የለም»።

ያቺን መስመር አውቃታለሁ። ሥራውን ለእንግዶች በምናሳይበት ቀን ቀይ የስህተት ጽሑፍ እንዳይወጣብኝ ብዬ ነው የጻፍኳት። «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሆናት።

እኛ አገር ሰው «ነጋያ?» ሲልሽ ቤትሽ እየተቃጠለም ቢሆን መልሱ መጀመሪያ «ነጋያ» ነው። ክፉው ወሬ ቀስ ብሎ ይከተላል። ኮዴም የባሌ ልጅ ነው ለካ! ልዩነቱ፣ ነጋያ ብሎ ዝም አለ። ክፉው አልተከተለም።

ማስተዋል «ትንበያ ይሳሳታል፤ ማን ይጠይቀናል?» አለች። ማንም። እኔ ግን አውቃለሁ... ታዲያ እንዴት እተኛለሁ?

ታኅሣሥ 5
ጎሮ ደርሼ መጣሁ። በዝናቡ ቀን ኦቦ ቱፋ ሸራውን ክፍት ትተው ገበያ ወጥተዋል። ስልካቸውን አምነው። የዘር ስንዴው እዚያው ሸራው ላይ በቅሏል፣ ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ። በእጄ ዘገንኩት። ሞቃት ነበር።

«ነጋያ?» አሉኝ። አፌ ሊመልስ ተከፈተ... ያዝኩት።
«ነጋያ አይደለም ኦቦ። ጥፋቱ የትንበያው አይደለም፣ የኔ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «የላክሽው መልእክተኛ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው ደርሼ መጣሁ ያለኝ?» አሉ።
«አዎ ኦቦ።»
«እንግዲያውስ ቁጥሬን አውጪው፣ ልጄ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 6
አርባ ስድስት ሰው ወጣ። እሳቸውን አይቶ የገባው እሳቸውን አይቶ ወጣ።

ታኅሣሥ 8
ለቅሶ በቃ። ያቺን መስመር ነቀልኳት። አሁን ገጹ እንቢ ካለ ትንሽ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። ሦስት ጊዜ። ሦስቴም ካልሆነ እንዲህ ይልካል፦ «ዛሬ ወሬ አላገኘንም። ዝናብ ይኑር አይኑር አናውቅም።»

ማስተዋል ጮኸች። «አናውቅም የሚል መልእክት ማን ይፈልጋል? የቀሩትም ይወጣሉ!»
«ይውጡ» አልኩ። አፌ ደፋር ነው። እስከ ማታ ግን የተመዝጋቢውን ቁጥር አሥር ጊዜ አየሁ።

ታኅሣሥ 11
ቀኑን ሙሉ የራሴን ኮድ ሳሰቃይ ዋልኩ። የተሳሳተ አድራሻ ሰጠሁት። ኢንተርኔቱን ነቀልኩበት። አንዴም አልዋሸም! ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ... ገጹ ራሱ ቢዋሽስ?

ሞከርኩ። «በጥገና ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ ሠራሁና ሰጠሁት። ሰርቨሩ «200» አለ፣ በሰርቨር ቋንቋ «ደህና ነው» ማለት ነው። ኮዴም አመነና «ዝናብ የለም» ሊል ተነሳ። ነጋያ ባይ እኔ ብቻ አይደለሁማ! ከዛሬ ጀምሮ የዛሬን ቀንና የትንበያውን ሰንጠረዥ ገጹ ላይ በዓይኑ ካላየ፣ «200»ም ቢባል አያምንም። አሁን እንደ ልቤ ሆነ።

ታኅሣሥ 19
የትንበያው ሰርቨር እንደገና ወደቀ። ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ዝምታ። «አናውቅም» ለሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ስልክ ተላከ።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ! አንድ ጠብታ የለም። ማስተዋል በመስኮት ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች። እስከ ማታ ማንም አልወጣም።

ታኅሣሥ 21
ኦቦ ቱፋ ደወሉ። ከሰላምታ በፊት ነገር ጀመሩ፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ጎረቤቴ ሂካ ስልኩን አሳየኝ። አናውቅም ይላል።»
«አዎ ኦቦ።»
«አንቺ ነሽ ያስባልሽው?»
«እኔ ነኝ።»

ከዚያ... ሂካ ካቻምና የወሰደውን ያንኑ ዘር ከራሱ ምርት ቀንሶ እንደመለሰላቸው ነገሩኝ። ዘሩ አልጠፋም! ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ።

«ነገ አሰጣዋለሁ። አላውቅም ማለት የሚችል፣ አውቃለሁ ሲል ይታመናል። ቁጥሬን መልሺው።»

ቁጥሩን አንብቡልኝ አላልኩም፤ በቃሌ ነው የማውቀው። እሳቸው መስመሩ ላይ እያሉ ጻፍኩት። ሁለት መቶ ስልሳ ሰባት።

«አሁን ንገሪኝ፣ ነጋያ?» አሉ።

መጀመሪያ ሎጉን አየሁ፤ ገጹ መጥቷል፣ ቀኑ የዛሬ ነው፣ ሰንጠረዡ አለ። እኔስ? እኔም ደህና ነኝ።

«ነጋያ፣ ኦቦ» አልኩ።