«ሐዲዱ» በል

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

«ይሄ ጩኸት ነው እንጂ ድምፅ አይደለም» ይለኛል እንዴ ጸጋው? እኔን! ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ከሚርመሰመሰው ባጃጅ ግማሹ በማን እጅ ነው የሚዘፍነው? በሙዓዝ እጅ። እኔ ስፒከር የገጠምኩለት ባጃጅ ሹፌሩ ሳይታይ ቤዙ ይደርሳል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ደንቁሬ አይደለም። እጄ ከአስተማሪዎቹ ስለቀደመ ነው።

ጸጋው ግን ጸጋው ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት አናቱን መትቶታል። በያጅ ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ እዚያው ሲበይድ ነበር። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ባቡር ሲያልፍበት ግን እኔ አንድ ቀን አላየሁም። እሱም መጠበቅ ሰለቸው መሰለኝ ሳሎኑ ውስጥ የራሱን ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ሰራ። ከቆርቆሮ፣ ከሽቦ፣ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር። ጣቢያው አለ፣ ዋሻው አለ፣ ድልድዩ አለ። ጠረጴዛው ሳሎኑን ሞልቶ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። ይዞራል፣ ይዞራል... ግን ዝም! እንደ ድመት።

ድምፅ የፈለገው ለራሱ አይደለም። ለእናቱ ነው። እማማ ፀሐይነሽ ትንሹ ልጃቸው ምንተስኖት በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያ መትቶት ከሞተ ወዲህ ከጓዳ አልወጡም። አራት ዓመት! ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። ጸጋው «ባታየውም ከሰማችው ምናልባት ትወጣለች» አለኝ። ይህን ሲል ወደ መሬት ነበር የሚያየው።

ከስልኬ ላይ ያንን ቹ ቹ የሚለውን የባቡር ድምፅ ከፈትኩለት። ጩኸት ነው አለ። እሺ። ቆይ ታያለህ ወላሂ።

ጥቅምት 19

ደወለ። «አንድ ነገር ልንገርህ። እናቴ ፊት ባቡር እንዳትል። ሐዲዱ በል።»

ለምን አላልኩትም። ሳቄ መጣ። ሐዲድ ይሄዳል እንዴ? ይሁን፣ ቤቱ የሱ ነው። ሐዲዱ፣ ሐዲዱ፣ ሐዲዱ።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። አራት ስፒከር ከጠረጴዛው ስር ገጠምኩ። ባ... ሐዲዱ እግሩ ስር ማግኔት ተለጥፎበታል፣ በደረሰበት ቦታ ያለው ስፒከር ይነሳል፣ ሲያልፍ ይተኛል። ድምፁ አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ይሄን በደሴ ማን ያውቃል? በኮምቦልቻስ?

ለሙከራ ያንኑ ቹ ቹ ለቀቅኩት። ፍስስ... ቹ! ፍስስ... ቹ!

ከጓዳ ድምፅ መጣ። «ጸጋው፣ ማነው እንዲህ የሚያነጥሰው? ዝንጅብል አፍሉለት እንጂ።»

ጸጋው የመበየጃ ካውያውን እንደያዘ ደረቀ። እህቱ ሰርካዲስ ከማጀት ብቅ አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ለካ እናትየው ቀልድ ካወሩ አራት ዓመታቸው ነው።

ዝም አልልም እኔ። «እኔ ነኝ እማማ! የደሴ ብርድ ነው!» አልኩ።

«የደሴ ሰው ድሮም ብርዱን እያመካኘ ነው ሰው ቤት የሚሞቀው።»

አልወጡም። ግን አወሩ። ጸጋው ሲሸኘኝ «ይሄኛው በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። አያነጥስም» አለኝ። እሱ ደሞ መሳቅ ጀመረ!

ጥቅምት 26

ሱቅ ዘግቼ ድምፅ ስለቅም ዋልኩ። ሰው አበደ ይለኛል። ይበል።

ከመብራት ምሰሶው ስር ቆሜ የትራንስፎርመሩን እምምም ቀዳሁ፣ ለመነሻው ይሆናል። ቁልቁለቱን ወርዶ የሚቆም ከባድ መኪና ፍሬን ሲለቅ ጵስስስ ይላል፣ ይሄ ጣቢያ ሲደርስ። የሐዲዱ መገጣጠሚያ ከየት ይምጣ? ሁለት ብረት በቢላ ጀርባ መታ መታ አድርጌ ሰራሁት። ተክ-ተክ... ተክ-ተክ። ድልድይ ላይ ሲሆን ብረቱን ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጬ መታሁት፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል። ሐዲድ ላይ የሄደ ሰው እንኳ አይለየውም። የሄደ ሰው ካለ።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ወጡ!!

ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ። ወንበር ሰጠናቸው። ድምፁ ሲዞር አንገታቸው አብሮ ይዞራል።

«አሁን ድልድይ ላይ ነው» አሉ።

ድልድይ ላይ ነበር! በሞራ ዓይናቸው ከእኔ ቀድመው አወቁ።

«ተሳፋሪ የለውም?» አሉኝ።

«ሞልቷል እማማ።»

«ታዲያ ለምን አያወሩም? ወሎዬ ተሳፍሮ ዝም ይላል? ሐዘንተኛ ነው የጫንክልኝ?»

ምሳቸውን እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ በሉ። ጸጋው ወደ ጓሮ ወጣ። ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። ጭስ ነው አለ። ጭስ አልነበረም።

ሐኪም አላወጣቸው፣ ፀበል አላወጣቸው። ማን አወጣቸው? አራት ስፒከርና ሙዓዝ!

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ተሳፋሪ ተቀዳ። ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን ኪሴ አድርጌ ነው። አንዷ መስኮት ዝጉ ትላለች፣ አንዱ ታፈንኩ ይላል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አብሽሩ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁላችሁም ትከፍቱታላችሁ» ይላሉ። ወርቅ ነው!

ግን ሞተሩ አልጣመኝም። እምምም ብቻ። ልብ የለውም። የማይመታ ነገር ሕይወት አለው ይባላል?

ከዚያ ሰማሁት። የኮምቦልቻ ዳር ላይ፣ አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ። ቱክ! ቱክ! ቱክ! ሆድ ውስጥ ይገባል። ሮጬ ሄድኩ። ባለቤቱ ጋሽ አምባዬ የሚባሉ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የሆኑ ሰው ናቸው። ልቅዳው ስላቸው ሳቁ።

«ቅዳው። የኔ ባቡር ድምፅ ከሌላው ይለያል። ሴቶቹ እቤታቸው ሆነው ያውቁታል። ባቡሩ ተነሳ ይሉና እህላቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

«ባቡር? ይሄ እኮ ወፍጮ ነው ጋሼ።»

«ለናንተ ለከተሞቹ። እኛ ባቡር ነው የምንለው። ይሄም ባቡር ቤት ነው።»

እውነትም የገጠር ዘመዶቼ እንዲህ ይላሉ። ባቡር ውስጥ ባቡር ልከት ነው እንግዲህ! ሦስት ደቂቃ ቀዳሁ። ለጸጋው አልነገርኩትም። ይደንግጥ።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ምን ብዬ ልጻፍ...

አስቀመጥናቸው። ተሳፋሪዎቹን ሰምተው ሳቁ። መስኮት ዝጉ ያለችዋን «የዚችን እናት አውቃታለሁ» አሉ። ከዚያ እኔ፣ ብልጡ፣ አሁን ደሞ ይሄን ስሙ ብዬ ሞተሩን ለቀቅኩት።

ቱክ። ቱክ። ቱክ።

ሳቃቸው ቆመ። ተነሱ። በቀስታ፣ ምድጃ ላይ የተወው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው «ባቡሩ ተነሳ» አሉ።

ጸጋው ሽቦውን በእጁ በጣጠሰው። ድምፁ ቆመ። እሳቸው ግን መስማታቸውን አላቆሙም።

«ምንተስኖት አልተመለሰም እኮ። እህሉን ይዞ ነው የሄደው። ሰርኬ፣ ነጠላዬን ስጪኝ። ልጥራው። ተኩስ አለ ይላሉ።»

በሩ ላይ ያዝናቸው። እነዚያ ቀጫጭን እጆች ምን ያህል ጉልበት አላቸው!

ጸጋው አንገቴን አነቀኝ። «ባቡር እንዳትል አላልኩህም?»

«አላልኩም! ሐዲዱ ነው ያልኩት! ራስህ ጠይቃቸው!»

ለቀቀኝ። ተመልሶም አላየኝ።

ሰርካዲስ ውጭ ወሰደችኝና ነገረችኝ። ምንተስኖት የተመታው ባቡር ቤቱ በር ላይ ነው። የጋሽ አምባዬ። ቤት ውስጥ ዱቄት አልቆ ነበር፣ ሰው ሁሉ ተደብቆ። ያን ቀን ወፍጮው ሲነሳ ሰሙና እናትየው «ባቡሩ ተነሳ፣ ወረፋ ሳይበዛ ሩጥ» ብለው ላኩት። እሳቸው ናቸው የላኩት። ጓዳ የገቡትም ያ ድምፅ እንዳይደርሳቸው ነው።

ለምን አልነገራችሁኝም? አልኳት።

«አንተ መቼ ጠየቅክ?» አለች።

ኅዳር 8

ሱቅ አልከፈትኩም። አንድ ባለባጃጅ በሩን ደበደበ፣ አልተነሳሁም።

ለምን አልጠየቅኩም? አንዲት ቃል እኮ ናት። ለምን።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሰርካዲስ ደወለች። እናትየው ዛሬ ጠዋት ብቻቸውን ወጡ። ሚካኤል ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ መስሎት ደስ አለው። እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብላ አንዷ ጉልበታቸውን ስማለች። አልፈዋት ሄዱ። በግድግዳ፣ በአጥር፣ በጆሯቸው... ባቡር ቤቱ በር ላይ ደርሰው ቁጭ። «ሲያስፈጭ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

እንዲወጡ ነበር የፈለግነው። ይኸው ወጡ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ዱቄት ለብሷል። ጋሽ አምባዬ ወፍጮውን ላቁመው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እኔን! ቢያቆሙት አገሩ ምን ይበላል?

«እማማ፣ ሙዓዝ ነኝ» አልኩ።

«አንተ የምታነጥሰው? ደግ ጊዜ መጣህ። ዓይን አለህ አይደል? ግባና እየው እስቲ። ተራው ደርሷል?»

ገባሁ። ሴቶች ቆመዋል፣ ሞተሩን ከወፍጮው ያገናኘው ቺንጋ ይዞራል፣ ዱቄቱ ይበናል። ሁሉም እኔን ያያሉ። ምን እንደምል ሊሰሙ። እኔ አፌ የማያርፈው፣ ሃያ ሰው በወሬ የምረታ... ወጣሁ።

«ገና ነው እማማ» አልኩ።

ገና ነው! አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወፍጮው ቆመ። ጋሽ አምባዬ ቆለፉ። እሳቸው አልነሳም አሉ። «ውስጥ ነው፣ ቆልፈውበት ነው» አሉ፣ በሩን መቱ። ያን ጊዜ ጸጋው መጣ። ትከሻው ላይ የኔን ስፒከር ተሸክሞ። ከዋሻው ስር የገጠምኩትን፣ ነቅሎ። ከፈተው።

ቱክ። ቱክ። ቱክ።

«አሃ፣ ወደዚያ ዞረ?» አሉና ተነሱ። እሱ ከፊት እየሄደ እሳቸው ከኋላ። እስከ ቤት። ሰው ከየበሩ ያያል። ለካ በየቀኑ እንዲህ ነው የሚመልሳቸው። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው በጎን ተገፍቷል። ድልድዩ ወድቋል። ማንም አላነሳውም። 

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ጻፈልኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ ቆም ብሎ ነው እንደገና የሚጀምረው። ክፍተቱ ላይ ታውቅበታለች። መንገድ መሃል ቆማ ጨረሰ ትልና ወደ ኋላ ትመለሳለች። ትናንት መኪና ሊገጫት ነበር። አርዝመው። መገጣጠሚያው እንዳይሰማ አድርገው። ይሄን ካንተ በቀር የሚችል የለም።»

ካንተ በቀር የሚችል የለም። ይህን ከጸጋው አፍ ለመስማት ያልሰራሁት ነገር የለም። ዛሬ አንብቤው ምላሴ መረረኝ።

የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከፈትኩት። ቆረጥኩ፣ አገጣጠምኩ፣ ሰማሁት። የት ጋ እንደተቆረጠ እኔ ራሴ ጠፋኝ። እንደዚህ ያለ ጥሩ ሥራ ሰርቼ አላውቅም። ሌሊት እስኪነጋ ይሄዳል፣ ዓመት ይሄዳል። እሳቸውም ተከትለውት ዓመት ይሄዳሉ።

ከዚያስ? ዝናብ ሲመጣ? ጸጋው ሲያመው? ስፒከሩ ሲቃጠል ማን ይምራቸው?

አጠፋሁት። አልላክሁም። የላክሁለትን እዚህ እገለብጠዋለሁ፣ በኋላ እንዲህ አላልኩም እንዳልል፦

«ጸጋው። ሠርቼው ነበር፣ አጠፋሁት። ሌላም ሰው አታሠራ። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ገና ነው ብያቸዋለሁ፣ ሁለተኛ አልልም። አንተም በየማታው በስፒከር ገና ነው እያልካቸው ነው። ልጅዎ ሞቷል፣ የገደለው መድፍ ነው፣ እርስዎ አይደሉም በላቸው። ይሄን ቃል ከቤታችሁ ሰው አንድም አላላቸውም፣ ሰርካዲስን ጠይቄያታለሁ። ስድብህን እችላለሁ፣ ዱላህንም እችላለሁ። መናኸሪያ ቆሜያለሁ፣ ሚኒባሱ ሁለት ሰው ነው የቀረው። አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልውረድ? አሁኑኑ መልስ።»