ቢቸና ድረስ የተሰማው ድምፅሽ

ሞጣ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለሀኒያ፣ ናይሮቢ

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የናፍቆታችንን ነገር ግን ተይው። ዛሬ ሁለት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ወረቀት ነገ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለአጎትሽ ለሙሐመድሸሪፍ እሰጠዋለሁ። ወደ አንቺ የሚልክበትን መንገድ እሱ ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬዲዮ የማቀርበውን የሙዚቃ ፕሮግራም ታውቂዋለሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ትዝታና አምባሰል እንጂ ሌላ አስገብቼ አላውቅም። ጥቅምት ላይ ይታገስ የሚባል፣ ቢቸና እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት አውቶቡስ ተሳፍሮ ጣቢያችን ድረስ መጣና ፍላሽ ሰጠኝ።

«ጋሽ አብዱልሐኪም፣ ፓንክ የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። ተማሪዎቼ እርስዎን የሚሰሙት ሬዲዮው በእናቶቻቸው እጅ ስለሆነ ነው። እስቲ ለእነሱም አንድ ቀን ያስገቡላቸው» አለኝ።

የመጀመሪያውን ስከፍተው ስፒከሩ የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቀነቅኩ። ጊታሩ ይጮኻል፣ ዘፋኙ ይጮኻል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። የልጁን ድካም አይቼ መጨረሻ ላይ አንድ አስገባሁለት። ብዙ ሰው ተቆጣ። ከቢቸና ግን ፈንታነሽ የምትባል ሴት ደውላ፣ «ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ መጮህ ያምረኝ ነበር፤ ይድገሙልኝ» አለች። ቃሏ አስደነገጠኝና እንደገና ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ፣ ቆይቶ ሁለት ማስገባት ጀመርኩ። ምን ልበልሽ፣ ድሮ የምወደው ለስላሳ ድምፅ የሆነ ነገር የሚደብቅ እየመሰለኝ መጣ። በኋላማ አስቀድሜ ሳልሰማ በቀጥታ ማስገባት ለመድኩ።

ትናንትም እንደዚያው አደረግኩ። ፍላሹ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ዘፈን አስጀመርኩ። ከበሮው ገባ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በአማርኛ ጮኸች፦ «ሻካራ ነሽ ብሎ በሩን የዘጋብኝ፣ እስቲ አሁን ይስማኝ።»

ሀኒያ፣ ገና ከመጀመሪያዋ ቃል አወቅኩሽ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ፈትኜሽ፣ ሰው ፊት «ድምፅሽ ሻካራ ነው፤ ለሬዲዮ አይሆንም» ያልኩሽ እኔ ነኝ። በሳምንቱ ነው የሄድሽው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ማይክሮፎኑን መክፈት ረሳሁ። ጣቢያው ዝም አለ። ቴክኒሻኗ ባንቺዓለም መስታወቱን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ድገሚው» አልኳት።

ሁለተኛው ሲያልቅ፣ «የሰማችኋት ሀኒያ አብዱልሐኪም ናት። ልጄ ናት» ብዬ ፕሮግራሙን ዘጋሁ። ይታገስን ደውዬ ጠየቅኩት፤ ከኢንተርኔት ያወረደው ነው፣ የማን ልጅ እንደሆንሽም አያውቅም።

ቤት ስገባ እናትሽ ሬዲዮውን እንደከፈተች ተቀምጣለች።

«ዘሚራ፣ ሰማሻት?»

«እኔማ ከሰማኋት ሁለት ዓመቴ» አለችኝ። «ያኔ ልካልኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እከፍተዋለሁ። አንተ ከሰማኸው ደግሞ ሌላ ክፉ ቃል ትናገራታለህ ብዬ ደበቅኩህ።»

በአንድ ቤት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። እናትሽን ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምቆጣት ግን አጣሁ።

ያን ቀን ስላልኩሽ ነገር ልጽፍልሽ የፈለግኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይሄ የመጨረሻው ወረቀት ስለሆነ ያን ዓረፍተ ነገር ሳልጽፈው ተውኩት።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ጉሮሮሽን ሰላም ያድርግልኝ። ብርድ ላይ አትዝፈኚ። ሌላ የዘፈንሽው ካለ ላኪልኝ፤ ለፕሮግራሙ ባይሆን እንኳ ለእኔ።

አባትሽ
አብዱልሐኪም