ወይዘሮ ጠጂቱ ባልቻ፦ በእርሻው ውል ላይ ስማቸውን ያስጻፉ እናት

ወይዘሮ ጠጂቱ ባልቻ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ጉደታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኜ ይፍሩ፣ በአርሲ ኢተያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ተወለዱ። ልጅ ሳሉ አንድ የእርሻ ባለሙያ የተሻሻለ የስንዴ ዘር ይዞ ቤታቸው መጥቶ ነበር። ያስረዳው አባወራውን ብቻ ነው፤ አራሚዋ እናታቸው ከጓዳ ሆነው ቁርጥራጩን ሰሙ። ዘሩ ከልክ በላይ ጠልቆ ተዘራና የዚያ ዓመት ቡቃያ ሳስቶ ወጣ። ወይዘሮ ጠጂቱ ይህን ለልጆቻቸው ሲያወሩ አይስቁም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኢተያ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሰላ ተማሩ። በ1986 ከአቶ ደረጄ ዋቅጅራ ጋር ጋብቻ መሥርተው በኬንያ በኩል በ1991 ቶሮንቶ ገቡ። ጌታን የተቀበሉት ናይሮቢ ነው። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ሩሀማንና ያሬድን ወለዱ፤ በ2003 ስካርቦሮ ቤት ገዝተው ገቡ። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ሥራ አርፍደው የገቡበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

በ2015 ባልና ሚስቱ ከከተማው በስተሰሜን አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ላይ ሁለት ኤከር መሬት ተከራይተው ጎመንና ቃሪያ ማምረት ጀመሩ። ውሉ በአቶ ደረጄ ስም ነበር። የእርሻ አማካሪውም ኮል የሚያደርገው ለእሳቸው ነው። ቡቃያውን ቤት ውስጥ በመስኮት ሥር የሚያሳድጉት፣ የሚተክሉትና የሚያርሙት ወይዘሮ ጠጂቱ ሆነው ሳለ፣ ምን ይተከል፣ መቼ ይተከል በሚለው ግን አይጠየቁም ነበር።

በ2017 በበረዶው ወቅት ወይዘሮ ጠጂቱ በዕረፍት ቀናቸው ስለ ጠብታ መስኖ ሥልጠና ወሰዱ። ቀጫጭን ጎማዎች በየመደቡ ተዘርግተው ውሃውን ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚያደርጉበት ዘዴ ነው። ለባለቤታቸው ቢነግሯቸው፣ “አባቴ ያለ ጎማ ነው ያመረተው” አሏቸው።

“አባትህ ዝናብ ነበራቸው” ብለው መለሱ።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። ልጆቹ ራት ሳይጨርሱ ከጠረጴዛ ይነሱ ጀመር። በመጨረሻ ወይዘሮ ጠጂቱ ግማሽ ኤከር ለይተው በገዛ ደመወዛቸው ጎማውን ገዝተው ዘረጉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ያፌት፣ “እህት ጠጂቱ፣ ለቤትዎ ሰላም ሲሉ ይተዉት” ቢሏቸው፣ “ጋሽ ያፌት፣ ይጸልዩልኝ እንጂ ተዪው አይበሉኝ፤ ቡቃያው ያደገው እጄ ላይ ነው” አሏቸው።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ አቶ ደረጄ የእጅ ትራክተሩን በጎማዎቹ ላይ ነዱበት። የስድስት መደብ ጎማ ተቆራረጠ። ያን ዕለት “አላየሁትም” ብለው ነበር። ይህ ታሪክ ሲጻፍ ግን፣ “አይቼዋለሁ። እንዳትዘሉት” ብለዋል።

ወይዘሮ ጠጂቱ ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ጎማ መሰብሰብ ጀመሩ። አጠገባቸው የነበረችው ሩሀማ፣ “ማም፣ ለምን ጥለሽው አትሄጂም?” ብላ አለቀሰች። “የምሄድበት ጠፍቶኝ አይደለም” አሏት፤ “የተከልኩትን ማን ያጠጣልኛል?” ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክከው ጎማውን በመጋጠሚያ ሲቀጥሉ ዋሉ።

በሐምሌ ለአምስት ሳምንት ጠብታ ዝናብ ጠፋ። የአቶ ደረጄ ቃሪያ አበባውን አራገፈ፤ የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ በባልዲና በወፍራም ጎማ ለሚያጠጣ የሚበቃ አልነበረም። የወይዘሮ ጠጂቱ ግማሽ ኤከር አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። አቶ ደረጄ መደቡ ዳር መጥተው ቆሙ።

“ጎማውን ወደ እኔም ቀጥይልኝ።”

“እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ግን ስሜ ውሉ ላይ ይግባ።”

አቶ ደረጄ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ወይዘሮ ጠጂቱ ወደ ቤት የተመለሱት ያሬድ መጥቶ ወስዷቸው ነው። ሦስት ቀን ቤቱ ውስጥ ሰላምታ እንኳ አልነበረም፤ ቃሪያውም በየቀኑ ይጠወልግ ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ ይህን ያውቃሉ፤ እንቅልፍም አጥተዋል፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። በአራተኛው ቀን አቶ ደረጄ ወደ መሬቱ ባለቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ሰውየው እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን ለአቶ ደረጄ ቢዘረጋ፣ “ለእሷ ስጣት” አሉት። ወይዘሮ ጠጂቱ ፈረሙ፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎማውን ዘረጉ። ከቃሪያው ግማሹ ግን አልዳነም።

ነገሩ ወዲያው አልለዘበም። ቀስ በቀስ ግን አማካሪው ሲደውል አቶ ደረጄ፣ “ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እንመልስልሃለን” ማለት ለመዱ። በ2020 ቡቃያ የሚያሳድጉበት የላስቲክ ቤት ሲሠሩ ወይዘሮ ጠጂቱ ሰፊ ይሁን ሲሉ፣ አቶ ደረጄ ጠባብና ጠንካራ ይሁን አሉ። ተነጋግረው የአቶ ደረጄ ሐሳብ ጸና። ከባዱ በረዶ የጎረቤቶቻቸውን ሲያፈርስ የእነርሱ ቆመ፤ ወይዘሮ ጠጂቱም በልጆቻቸው ፊት፣ “ደሬ ልክ ነበር” አሉ።

በኅዳር 2024 የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ለአራት ወራት ከታከሙ በኋላ መድኃኒቱ ይቁም አሉ። አቶ ደረጄ በሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “አይሆንም!” ብለው ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው፣ “ደሬ፣ ይህን እኔ ልወስን” አሏቸው። አቶ ደረጄ እሺ ለማለት አራት ቀን ፈጀባቸው። ውሳኔዋን ለሐኪሙ የነገሩት ግን አቶ ደረጄ ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ጠጂቱ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ማያ አጠገባቸው እያሉ ግንቦት 2 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስካርቦሮ በሚገኘው ቤታቸው በ63 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ።

ያመኑት አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል። ለአቶ ደረጄ፣ ለሩሀማና ለያሬድ ጽናቱን ይስጥ፤ ለቀረነውም በቤታችን ያለውን ሰው ጊዜ ሳያልፍ የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን። አሜን።